ኮምቦልቻ ተሞክሮ ጅቡቲ የሚላክ የመርከብ መከታተያ፦ ለትንሽ ጀልባ የኤአይኤስ አገጣጠም

ይሄ ጅቡቲ፣ ታጁራ ወይ ኦቦክ ጀልባ ላይ የሚሰራ ዘመድ ኖሮት "እስቲ ያንን መርከብ የሚያሳየውን ነገር ላክልኝ" ለተባለ ሰው ነው። እኔን የጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ጀልባዋ ላይ ያለችው የባሕር መነጋገሪያዋ ቪኤችኤፍ ሬድዮ ብቻ ናት፣ ማታ ዓሣ ሲያጠምዱ ትልልቆቹ መርከቦች ድንገት ነው ሚደርሱባቸው፣ ስለዚ እዚሁ ኮምቦልቻ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ ሞክሬ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ለሚሻገር ሾፌር ሰጥቼ ላኩለት። ባሕር በሌለበት ከተማ የባሕር ዕቃ እንዴት ይሞከራል ትሉ ይሆናል፣ ይሞከራል፣ አብሽሩ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ከአገር አገር የሚጓዝ 300 ግሮስ ቶንና ከዛ በላይ የሆነ መርከብ ኤአይኤስ ሚባል ማሰራጫ የመያዝ ግዴታ አለበት። ማሰራጫው የመርከቧን መለያ ቁጥር፣ ቦታዋን፣ ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን በሁለት የቪኤችኤፍ ፍሪኩዌንሲ፣ 161.975 እና 162.025 ሜጋኸርዝ ላይ እየደጋገመ ይለቃል፣ ስትጓዝ በየ2 እስከ 10 ሰከንዱ፣ መልህቅ ጥላ ስትቆም በየ3 ደቂቃው። ሲም የለ ኢንተርኔት የለ፣ አየር ላይ ያለውን መያዝ ብቻ ነው። ስልክ ላይ በኢንተርኔት መርከብ ሚያሳዩት አፖች ሌላ ናቸው፣ እነሱ በአብዛኛው የብስ ላይ ያለ ሰው ተቀብሎ የላከውን ነው ሚያሳዩት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

አስምሩበት ግን፣ ምንገጥመው መቀበያ ብቻ ነው። ጀልባዋ መርከቧን ታያለች እንጂ መርከቧ ጀልባዋን አታይም፣ ስለዚ መብራት ማብራቱም ዞር ዞር ብሎ ማየቱም አይቀርም። ደሞ ሰንቡኮችና ትንንሽ ጀልባዎች አብዛኞቹ ኤአይኤስ የላቸውም፣ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አውቀው የሚያጠፉ ትልልቅ መርከቦችም አሉ።

ዕቃው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤአይኤስ ውስጡ ያለው ቪኤችኤፍ ሬድዮ ነው፣ የድሮው ሬድዮ የደከመ ከሆነ ይሄን ግዙና ገላገሉት፣ ባለችው አንቴና ይሰራል። ሁለተኛው ለዚሁ ሥራ የተሰራ ትንሽ ሣጥን ነው፣ ሬድዮው ደህና ከሆነ እኔ ይሄን ነው ምመርጠው። ሦስተኛው አርቲኤል ኤስዲአር ሚባለው ፍላሽ የሚመስል ዩኤስቢ ዶንግል፣ ርካሽ ነው፣ ለመማርና ለመሞከር እሱን ሚያህል የለም፣ ግን ላፕቶፕ ወይ ስልክ ይፈልጋል፣ ጨው ያለበትን አየርም ብዙ አይችልም። ማሰራጫ ያለበትን ሬድዮ ከውጭ ለማስገባት ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃዱን ጠይቁ።

ዋናው ራስ ምታት አንቴናው ነው። ጀልባዋ ላይ ያለችው አንቴና አንድ ናት፣ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ በቲ ኮኔክተር ወይ ዲሽ ላይ በምንጠቀመው ስፕሊተር ለሁለት እንክፈላት ነው። በፍጹም እንዳታደርጉት! ሬድዮው ሲናገሩበት 25 ዋት ይለቃል፣ መቀበያው ደግሞ የተሰራው እንጥፍጣፊ ሲግናል ለመስማት ነው፣ ማይኩን ገና ሲጫኑት መቀበያው ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተሰራ፣ ሬድዮው ሲናገር መቀበያውን በራሱ ሚቆርጥ ስፕሊተር አለ፣ ይሰራል፣ ግን እሱ የተበላሸ ቀን ቻናል 16ም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ደሞ የጭንቅ ቀን ያለችው እሷ ናት። ስለዚ ለብቻው አንቴና ስጡት፣ ከሬድዮው አንቴና ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ ቦታ ካለ ከዛም በላይ።

ለመሞከሪያ አንቴናውን እራሳችሁ ትሰሩታላችሁ። 300ን ለ162 ስታካፍሉት 1.85 ሜትር ይመጣል፣ የሱ ሩብ 46 ሴንቲ ነው፣ ሽቦ ላይ ትንሽ ስለሚያጥር 44 ሴንቲ ቁረጡ። ባለ 2.5 የቤት መስመር ሽቦ ልጣጩን አውጡና ባለ አራት ቀዳዳውን የፒኤል ሶኬት (የሬድዮ አንቴና ኬብል ሚሰካበትን) መሃል ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በየዱት፣ በአራቱ ቀዳዳ ደግሞ አራት 47 ሴንቲ የሚሆኑ ሽቦዎች አስራችሁ በፒንሳ ወደታች በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርጓቸው። በቃ። ባሕር ላይ ግን መዳብ በጨው ቶሎ ይበላሻል፣ ለቋሚ የጀልባ ቪኤችኤፍ አንቴና ይገዛ። ኬብሉ 50 ኦም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከጠፋ የዲሽ ኬብል 75 ኦም ቢሆንም ለመቀበል ብቻ ከሆነ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ሬድዮው ላይ ግን እንዳይሰካ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ጻፉበት።

ከፍታ ከምንም በላይ ነው። የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምሩና በ4.1 አባዙት፣ መርከቧ ምትሰማበት ርቀት በኪሎ ሜትር እሱ ነው። ጀልባዋ ላይ 4 ሜትር፣ መርከቧ ላይ 36 ሜትር ቢሆን 2 ሲደመር 6፣ ወደ 33 ኪሎ ሜትር። በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትመጣ መርከብ ይቺን ርቀት ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይሞላትም።

አሁን ወደ ሙከራው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በቀጥታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሃሉ ተራራ ነው፣ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ብትወጡም መርከብ አትይዙም። አውሮፕላን ግን አለ! አውሮፕላኖችም ልክ እንደ መርከቦቹ ቦታቸውን በ1090 ሜጋኸርዝ ይለቃሉ፣ ያው ዶንግል ይሄንንም ይሰማል። 7 ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሽቦ አንቴና አድርጉለት፣ ዳምፕ1090 ሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ዊንዶውስ ከሆነ ዶንግሉን ቴሌቪዥን መቀበያ ነው ብሎ የራሱን ድራይቨር ይጭንበታል፣ ዛዲግ በሚባለው ፕሮግራም ዊንዩኤስቢ ወደሚባለው ድራይቨር ቀይሩት፣ አልሰራም ሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ እዚች ጋ ነው ሚቆሙት። ኮምቦልቻ ጉድጓድ ነው፣ ከቤት ውስጥ ምንም ካልመጣ ጣራ ላይ ውጡ፣ ሐረጎ ተራራ ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም ሰፊ ሰማይ ታገኛላችሁ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ኮድ በ040 ይጀምራል፣ እሱ ከታየ ዶንግሉም ኬብሉም ላፕቶፑም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው።

የመርከቡን ሶፍትዌር ለብቻው ትሞክሩታላችሁ። ኤአይኤስ ካቸር ሚባለው ከዶንግሉ ተቀብሎ ይፈታዋል፣ ኦፕን ሲፒኤን ካርታው ላይ ያወጣዋል፣ ሁለቱን በዩዲፒ ፖርት (ፕሮግራሞች ዳታ ሚቀባበሉበት በር) 10110 አገናኟቸው። ኦፕን ሲፒኤን ቪዲአር ሚባል ፕለጊን አለው፣ የተቀዳ የመርከብ ዳታ ፋይል ስታጫውቱበት እዚሁ ጠረጴዛችሁ ላይ መርከቦች ካርታው ላይ ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ። ሣጥን መቀበያ ከሆነና ከጀልባዋ የካርታ ስክሪን ጋር በሽቦ ሚገናኝ ከሆነ የዳታውን ፍጥነት (ቦድ ሬት ሚለውን) ስክሪኑ ላይ 38400 አድርጉት፣ ብዙ ስክሪን ከፋብሪካ ሲመጣ 4800 ላይ ስለሆነ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ምንም አያሳይም። የሰራችሁትን አንቴና በቴስተር ስትለኩ መሃሉና ጠርዙ መገናኘት የለባቸውም፣ የተገዛ የጀልባ አንቴና ግን ብዙ ጊዜ ሾርት ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ጥቅል ነው፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ኃይሉን ከጀልባዋ 12 ቮልት ባትሪ በፊውዝ አውጡ። ርካሽ የመኪና ቻርጀር ቪኤችኤፉን በጩኸት ይሞላዋል፣ ለማወቅ ሬድዮውን ቻናል 16 ላይ አድርጋችሁ ስኩዌልቹን (ሹሹታውን ሚዘጋውን ማስተካከያ) ክፈቱትና ቻርጀሩን ሰክታችሁ ንቀሉት፣ ሹሹታው ከተለወጠ ያ ቻርጀር ጀልባ ላይ አይወጣም።

ዕቃው እዛ ሲደርስ መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ይታያል፣ ስም በየ6 ደቂቃው ስለሆነ ሚላከው ቆየት ብሎ ነው ሚመጣው። ባለ ዘጠኝ አሃዙ ቁጥር በ621 ከጀመረ የጅቡቲ ነው፣ በ624 ከጀመረ የኛው የኢትዮጵያ መርከብ። መርከቧ ምን ያህል ተጠግታ እንደምታልፍ ሚሰላው ግን ጀልባዋ የራሷን ቦታ ስታውቅ ነው፣ ስለዚ ጂፒኤስ ከሌለ ትንሽ ዩኤስቢ ጂፒኤስ አብራችሁ ላኩ። አላርሙን በ20 ደቂቃ ውስጥ ከ1 ኖቲካል ማይል (1.85 ኪሎ ሜትር) በታች ሚጠጋ ሲኖር እንዲጮህ አድርጉት፣ መልህቅ ጥለው የቆሙትን እንዲተው ደግሞ ሴቲንጉ ላይ ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ ወደቡ ፊት ተራ ሚጠብቁት መርከቦች ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮሁት ልጁ ተናዶ ከነጭራሹ ያጠፋዋል።