በየቤታችን ሆነን አንድ ሕንፃ መንደፍ፦ የንድፍ ፋይሎችን ከርቀት በጋራ የመሥራት ቅደም ተከተል

አርክቴክቱ ቱሉ ዲምቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ ለቡ፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቹ ደግሞ አያትና ሱሉልታ ተቀምጠው ለገጣፎ ላይ የሚቆም አንድ ሕንፃ መንደፍ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ለግማሽ ሰዓት ውይይት ከአንዱ የከተማ ዳር ወደ ሌላው መመላለስ የሥራ ቀኑን ስለሚበላው፣ ባለሙያዎቹ በየቤታቸው ሆነው ፋይል እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ መቀባበል ነው፤ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ቁጥር ቅጂው ይበዛል፣ ቅጂው ሲበዛም የትኛው ትክክለኛ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ከ4 እስከ 6 ባለሙያ ላለው ቡድን፣ ጂ+4 ለሚያህል ሕንፃ፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከፕሮግራም ምርጫም በፊት የሚቀድመው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሥራው ሳይጀመር ሁሉም በስልክ ይገናኙና እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይጻፍ። አክሲሱ (ኮለኖች የሚሰለፉባቸው የማመሳከሪያ መስመሮች) እና የወለል ፕላኑ የአርክቴክቱ፣ ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው)፣ ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው) እና ፋውንዴሽኑ የስትራክቸር መሐንዲሱ፣ የቧንቧው መስመር የሳኒተሪ ባለሙያው፣ የቦታው ቅየሳ የቀያሹ ይሆናል። ባለቤት ያልሆነ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ያያል፣ ይለካል፣ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አንዲት መስመር እንኳ አያንቀሳቅስም። ይህን ደንብ አጥብቄ የያዝኩት ስህተቱን ራሴ ሠርቼ ስላየሁት ነው። በአንድ የመኖሪያ ቤት ሥራ የደረጃውን ቦታ በራሴ ቅጂ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገፋ አድርጌው ነበር፤ መሐንዲሱ ግን በቆየው ቅጂ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ፎርማኑ ደውሎ «ኢንጂነር፣ ኮለኑ እኮ ደረጃው ውስጥ ገባ» ሲለኝ ፌሮው ታስሮ፣ ካሳፎርማው ግማሽ ድረስ ቆሞ ነበር።

ቀጥሎ የሚደረገው በፕሮግራም ሥሪት፣ በመለኪያና በመነሻ ነጥብ ላይ መስማማት ነው። ሬቪት በተባለው የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም በአንድ ሥሪት የተቀመጠ ፋይል ወደ ቀደመ ሥሪት ስለማይመለስ፣ ሬቪት የሚጠቀም ቡድን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ሥሪት መሥራት አለበት፤ በመሐል ወደ አዲስ ሥሪት መሸጋገር ካስፈለገም ሁሉም በአንድ ቀን ይሸጋገራል። አውቶካድ የተባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም በዚህ ረገድ ይሻላል። የ2018 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሥሪቶች የሚጠቀሙበትን የፋይል ዓይነት የ2016 ሥሪት ባይከፍተውም፣ ላኪው በ2013 ዓይነት አድርጎ ሊያስቀምጥለት ይችላል። መለኪያውም በሜትር ይሁን በሚሊ ሜትር አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለዚያ የአንዱ ሥራ በሌላው ላይ ሲገባ 1,000 ጊዜ ገዝፎ ወይም አንሶ ይታያል።

የመነሻ ነጥብ ጉዳይ ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ቀያሹ የሚያመጣው ፋይል በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን የተቀመጠ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለ ቦታ ከዜሮ ነጥብ ወደ ምሥራቅ 470,000 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 1,000,000 ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ሬቪት ከመነሻው ይህን ያህል በራቀ ሥዕል ላይ መስመሮችን በትክክል ማስቀመጥ ይሳነዋል። ስለዚህ አርክቴክቱ ከሕንፃው አክሲሶች አንዱን መገናኛ፣ ለምሳሌ የ«ሀ» እና የ«1»ን፣ የቡድኑ ዜሮ አድርጎ ይወስናል፤ የዚያን ነጥብ እውነተኛ ኮኦርዲኔትም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያሰፍራል፤ ሌሎቹ ሁሉ በዚያ ዜሮ ላይ ይሠራሉ። በተጨማሪም ቀያሹ የተጠቀመው አዲንዳን የተባለውን ነባር ማመሳከሪያ ይሁን ወይስ ጂፒኤስ የሚሠራበትን ደብልዩጂኤስ 84 በግልጽ መጠየቅ ይገባል። በእኛ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል፤ ካርታው በአንዱ፣ ቅየሳው በሌላው ከሆነ ሕንፃው ከጎረቤት ግቢ አልፎ ሌላ መንደር ውስጥ ሊወድቅ ነው።

ከዚያ ሁሉም የሚደርስበት አንድ የጋራ ፎልደር በጎግል ድራይቭ ወይም በመሰል አገልግሎት ላይ ይከፈት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሕንፃ መረጃን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ለትንሽ ቡድንም ይኸው አከፋፈል ይበቃል፦ በሥራ ላይ ያለ፣ ለቡድኑ የተጋራ፣ ጸድቆ የወጣና በማኅደር የተቀመጠ። ባለቤቱ በመሥራት ላይ ያለውን ፋይል ማንም አይጠቀምበትም፤ ሌሎች የሚያዩት ራሱ አይቶ ወደ «የተጋራ» ያሻገረውን ብቻ ነው። የፋይሉ ስም የፕሮጀክቱን መለያ፣ የሙያውን ዘርፍና ወለሉን በዚሁ ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ወደ ማኅደር በሚገባው ቅጂና በሚወጣው ፒዲኤፍ ስም ላይ ደግሞ የሥሪት ቁጥሩ በመጨረሻ ይጨመር፤ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ከቡድኑ ይወገዱ። ቀን የሚጻፍ ከሆነም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይወሰን። ኮምፒውተሩ በፈረንጆች ሲቆጥር ፎርማኑ በእኛ ስለሚቆጥር፣ ወሩ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ አንደኛው የሌላውን ቀን በሌላ ወር ያነበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ፋይሎችን ወደ ማያያዙ እንለፍ። በአውቶካድ የመሐንዲሱ ፋይል የአርክቴክቱን ፕላን በኤክስሬፍ (ፋይሉን ሳይቀዳ ከራሱ ጋር በማያያዝ) ያስገባል እንጂ ኮፒ አድርጎ አይለጥፍም። ፕላኑ በኤክስሬፍ ከገባ፣ አርክቴክቱ ግድግዳ ሲያንቀሳቅስና የተጋራውን ፋይል ሲተካ፣ መሐንዲሱ ዘንድ ያለው ሥዕል በድጋሚ ሲጫን አብሮ ይቀየራል። ይህ እንዲሠራ ግን የተጋራው ፋይል ስም ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት፤ የሥሪት ቁጥሩ ወደ ማኅደር በሚገባው ቅጂና በሚወጣው ፒዲኤፍ ላይ ይጻፋል። በሚያያዝበት ጊዜ ሁለት ምርጫዎችን ማስተካከል ያስፈልጋል። አንደኛው የፋይሉ አድራሻ ሙሉ አድራሻ ሳይሆን አንጻራዊ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ሙሉ አድራሻ የአንድን ሰው ኮምፒውተር የሚከተል ስለሆነ ለቡ ላይ የተያያዘው ፋይል አያት ላይ ሲከፈት አይገኝም። ሁለተኛው ከ«አታች» ይልቅ «ኦቨርሌይ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ይህም አንዱ ፋይል ሌላውን፣ ሌላው ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይዞ ከመዞር ያድናል።

ሬቪት ለሚጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በርካታ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበትን ማዕከላዊ ፋይል በጎግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጡ። እነዚህ አገልግሎቶች ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ያስቀመጠውን ሥራ ማዋሐድ ስለማይችሉ ተፋላሚ ቅጂ ይፈጥራሉ ወይም ፋይሉን ያበላሹታል። ለዚህ የተሠራው የክላውድ አገልግሎት በክፍያ ነው፤ ክፍያው ካልተቻለ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሞዴል ይሥራና የሌሎቹን በሊንክ ያስገባ። አንዱ አርኪካድ በተባለው ሌላ የሞዴል ፕሮግራም፣ ሌላው በሬቪት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አይኤፍሲ በተባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ የፋይል ዓይነት ይለዋወጡ።

የኢንተርኔቱን አቅም በስሌት ማወቅ ከብዙ ንዴት ያድናል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 120 ሜጋ ባይት ፋይል በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ላይ ለመጫን፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ እንኳ 8 ደቂቃ ይፈጃል። በኤክስሬፍ የተከፋፈለ ሥራ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ የተቀየረው ትንሽ ፋይል ብቻ ይጫናል። ከመጫኑ በፊትም ጥቅም ላይ ያልዋሉ ብሎኮችና ላየሮች (የተቀመጡ ምስሎችና የሥዕል ንብርብሮች) በ«ፐርጅ» ትእዛዝ ይወገዱ። ወደ ስብሰባ ከመግባትም ሆነ ኮምፒውተሩን ከመዝጋት በፊት ፋይሉ ተጭኖ ማለቁን በዓይን ማየት ይገባል፤ ሳይጫን የቀረ ፋይል ለቡድኑ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። አውቶካድ በየ10 ደቂቃው ለራሱ የሚያስቀምጠውን ወደ 5 ማውረድ፣ ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) መግዛት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚባክነውን ሥራ ይቀንሳል።

አስተያየት የሚሰጠው በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፒዲኤፍ ላይ ምልክት በማድረግ ነው። እያንዳንዱ አስተያየት ወለሉን፣ አክሲሱን፣ መለወጥ ያለበትን ነገርና የሚሠራውን ሰው ይግለጽ፤ «መታጠቢያ ቤቱ አካባቢ ያለው ነገር ይታይ» የሚል መልእክት ማንንም አያሠራም። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያስተላልፍ ለማሳወቂያ ይጠቅማል፤ የፋይሎች ማከማቻ ግን አይሁን። የሳይት ፎቶም በፋይል መልክ ይላክ፤ በተራ ፎቶ መልክ ሲላክ ስለሚጨመቅ በመለኪያ ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር አይነበብም። ውጭ አገር የሚኖር ባለሙያ በቡድኑ ካለ፣ የስብሰባ ሰዓት ሲነገር በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆች አብሮ ይነገር፤ የ6 ሰዓቱ ልዩነት አንዱን ሌሊት ያስጠብቃል።

በመጨረሻ ወደ ሳይት የሚወጣው ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ርዕሱና ማስታወሻው በአማርኛ ከሆነ በዩኒኮድ (ፊደሎችን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ በሚያደርገው የኮድ ሥርዓት) ፎንት ይጻፍ፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፒዲኤፉ ሲዘጋጅም ፎንቱ አብሮ መግባቱ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፍቶ ይረጋገጥ። በእያንዳንዱ ሉህ ላይ የሥሪት ቁጥሩ በጉልህ ይታይ፤ የተለወጠውም ቦታ በደመና ምልክት ይከበብ። አዲሱ ሉህ ሳይት ሲደርስ ፎርማኑ የቀድሞውን ከግድግዳ አንሥቶ ይመልስ። ሶሌታም ሆነ ኮለን ከመሞላቱ በፊት፣ የታሰረውን ፌሮና በእጁ ያለውን ሉህ የሥሪት ቁጥሩ እየታየ በአንድ ፎቶ አንሥቶ ለመሐንዲሱ ይላክ፤ መሐንዲሱም ቁጥሩን «ጸድቆ የወጣ» ከሚለው ፎልደር ጋር አመሳክሮ «ይሞላ» እስኪል ድረስ ኮንክሪቱ አይታዘዝ።