መርፌ ከወጋችሁ አትደብቁ

ጎንደር ውስጥ በጤና ተቋም መጥረጊያ ይዤ 12 ዓመት ሆነኝ። አዲስ የፅዳት ሠራተኛ ሲቀጠር እኔ ጋ ይልኩታል። ሥልጠናዬ ወንበር የለውም፤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆመን ነው።

መጀመሪያ ፌስታል አያያዝ። ከአናቱ ያዙት፣ ከእግራችሁ አርቁት። ሞልቶ እንቢ ካለ አትጠቅጥቁት። እኔን መርፌ የወጋኝ ስጠቀጥቅ ነው። ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም የመርፌ መጣያ ሣጥን፣ መግባት የነበረበትን አንዱ ከጥጥ ጋር ጥሎታል። ጓንት አድርጌ ነበር፤ ግን ስስ ጓንት መርፌ አይመልስም። ለቆሻሻ ወፍራሙን ጠይቁ። የለም ካሏችሁ ለእኔ ንገሩኝ።

ሴፍቲ ቦክስ ሩብ ሲቀረው ይዘጋል። መሬት የወደቀ መርፌ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነሳም። ክዳኑንም አትመልሱበት።

ደም ሲፈስ ጓንት አድርጋችሁ በጨርቅ ምጠጡት። ከዚያ በረኪና፦ ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ አንድ ኩባያ በረኪና ለ9 ኩባያ ውሃ። አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ደርቋል ብላችሁ አትናቁት። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። እኛ ሰፈር የጉበት በሽታ ሲባል የሌሊት ወፍ ነው የሚከሰሰው፤ መርፌን የሚጠረጥር የለም።

ከወጋችሁስ? በውሃና በሳሙና ታጠቡ። አትጭመቁት፣ በረኪና አታፍስሱበት። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ከዚያ የባሰው ግን ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ለማንም ሳልተነፍስ ሁለት ሌሊት ማደሬ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ! የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ደግሞ ይመረጣል። እኔ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለጥቂት ደረስኩ። 28 ቀን እያቅለሸለሸኝ ዋጥኩ። ምርመራው ነፃ ሆኖ ወጣ።

ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በመርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች ኤችአይቪ የሚይዛቸው 3 ገደማ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን ሦስቱንም ዙር ጨርሱ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከበሩ ጥግ ቧንቧ የተገጠመለት ሰማያዊ ጀሪካን አለ። እሱ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው። ቡና ልታፈሉበት ስትቀዱ ካገኘኋችሁ ግን እንጣላለን።