ጣና ዳር ላይ እንፋሎት ለምታቀዘቅዙ

ባሕር ዳር አካባቢ በጣና ውሃ እያቀዘቀዛችሁ አረቄ ወይም የጠጅ ሣር ዘይት የምታወጡ፣ በርሜል ውስጥ የሚጠመጠመውን ቱቦ ተዉት። ክረምት ላይ ወንዞቹ ጭቃ ይዘው ሐይቁ ይገባሉ። ደለሉ ጥምጥሙ ላይ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍም፤ ብሩሽም አይደርስበትም።

ቀጥ ያሉ ቱቦዎችን ሰፋ ባለ ቧንቧ ውስጥ ጎን ለጎን አስበይዱ። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ፣ እንፋሎቱ በቱቦዎቹ ውጭ፣ በቧንቧው ውስጥ ይሂድ። የቧንቧውን የሁለቱን ጫፎች ክዳን በቡሎን እሰሩት። ሲቆሽሽ ክዳኑን ፈትቶ የጠርሙስ ብሩሽ መስደድ ነው፣ አለቀ። እንፋሎት ንጹሕ ስለሆነ ተበይዶ የማይፈታው የቱቦዎቹ የውጭ ወገን ለእሱ ቢሆን ግድ የለም። ጠብታው እንዳይተኛ ወደ መውጫው ትንሽ አዝምሙት።

ድፍድፉ አረፋው እየገነፈለ ከእንፋሎቱ ጋር የሚሻገር ከሆነ ግን ይህን አትሥሩ። ቱቦዎቹ በውጭ በኩል ከተለጠፈባቸው ማን ይፍቃቸው?