ጊዜው ሳይደርስ የተወለደን ሕፃን በሲኒ ማጠጣት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ሐኪሙ "በአፉ ይውሰድ" ካለ ጡጦ ለመግዛት አትሩጡ። ቤት ያለችው የቡና ሲኒ ትበቃለች። ብቻ ጠርዟ ያልተሸረፈ ይሁን፤ በሳሙና ታጥባ ትቀቀል። ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ለተቅማጥም ያጋልጣል።

ሕፃኑ በደንብ እስኪነቃ ጠብቁ። እጁ ሲኒውን እንዳይመታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ተጋድሞ አይጠጣም። የታለበውን የጡት ወተት ሲኒው ውስጥ አድርጉና ጠርዙን የታችኛው ከንፈሩ ላይ በቀስታ አሳርፉ። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብሉ። ከዚያ ጠብቁ። ምላሱን ብቅ እያደረገ እንደ ድመት ይልሰዋል። አደራ፣ አፉ ውስጥ እንዳታንቆረቁሩ! ትን ይለዋል። እሱ ሲያርፍ እናንተም እረፉ፤ ሲኒውን ግን ከከንፈሩ አታንሱ። አፉን ከዘጋ በቅቶታል።

ትንሽ አንገቱ ላይ ይፈሳል። አብሽሩ፣ ያለ ነው፤ ከአገጩ ሥር መሃረብ አድርጉ። አንዴ ጥቂት ቢወስድም የሚታየው የ24 ሰዓቱ ድምር ነው። ጡቱንም እያስሞከራችሁ።

"ቅቤ ይቅመስ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን።

የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሲጨርስ ወዲያው ደረታችሁ ላይ ቆዳ ለቆዳ መልሱት። የመጀመሪያውን ቀን ነርሷ እያየች ሞክሩት። ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ማጠጣቱን አቁማችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።