የእንሰቴን በሽታ ያዛመተው የራሴ ቢላ ነበር

ወላይታ ውስጥ ባለው ጓሮዬ እንሰቱ ተራ በተራ ይጠወልግ ጀመር። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ውሃ የጠማው መስሎኝ አጠጣሁ፣ ፍግም ጨመርኩ። የታመመውን እየቆረጥኩ ለከብቶቼ ሰጠሁ፤ በዚያው ቢላ ደግሞ ጤነኛውን ከረከምኩ። ቢላውን ጎረቤትም ይዋሰኝ ነበር።

በአካባቢያችን ያሉ የካቶሊክ ሲስተሮች አርሶ አደሮችን ስለ አፈርና ስለ ሰብል ያስተምራሉ። ከእነርሱ አንዷ ጓሮዬ ድረስ መጡ። ቅጠሉን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «እስቲ ቢላህን አምጣ» አሉኝ።

በሽታው አጠውልግ ነው። የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን የሚያድነው መድኃኒት የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በቢላና በከብት ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍበትን መንገድ መዝጋት ነው። የታመሙትን ከነአሚቾአቸው (መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ሥራቸው) ነቅዬ ከጓሮው ርቄ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርኩ። ከብቶቹን በአጥር ከለከልኩ። ከሁሉም በላይ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሬ በፊት ቢላዬን እሳት ላይ እስኪግል እይዛለሁ፤ እሳት ከሌለ በበረኪና አጥበዋለሁ። ይህ ያሰለቻል፤ ነገር ግን አንድም ቀን መዝለል አይገባም፤ አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምናውቅ እናውቀዋለን።

በባዶው ቦታ በሽታውን በመቋቋም የሚታወቀውን ማዚያ የተባለ ዝርያ ተከልኩ። ሁለት ክረምት አልፏል፤ አዲስ የጠወለገ አላየሁም። ጎረቤቶቼም አሁን ቢላ ሲዋሱኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሳት ነው።