የትኛው ወይራ ጨው ይችላል? በጓሮ እንዴት እንደሚፈተን

አዳማ ዙሪያ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወደ መተሐራ ወረድ ካሉ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ አለ፤ ጨዋማ ነው፣ ባለፉት አሥርት ዓመታት ዙሪያውን መሬት እየዋጠ ሰፍቷል። የዘይት ወይራ ለመትከል ያሰበ ሰው ችግኝ በብዛት ከመግዛቱ በፊት በጥቂቱ ቢፈትን ይሻለዋል።

ወይራ በጥቅሉ ጨው ይችላል፤ ዝርያው ግን ይለየዋል። የጣሊያኑ ፍራንቶዮ፣ የግሪኩ ካላማታ እና የስፔኑ ፒኳል ከቻዮቹ ይመደባሉ። ኮሮኔይኪ መካከለኛ ነው፤ ሌቺኖ ቶሎ ይጎዳል። ቻዩ ዝርያ በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሥሩ ላይ ይዞ ያስቀረዋል እንጂ እንደልቡ ወደ ቅጠል አያሳልፈውም። ስለዚህ ዓይናችሁ ቅጠሉ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ከየዝርያው በዕድሜና በቁመት የተቀራረቡ ስድስት ስድስት ችግኞች ያዙ። የአገራችንን ወይራ ብትጨምሩበት ደግሞ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ታቹ በተበሳ ባልዲ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ትከሏቸው። ከስድስቱ ሦስቱ ንጹህ ውሃ ብቻ ይጠጣሉ። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ያለ እነሱ ቅጠሉን ያጠፋው ጨው ይሁን ሌላ ነገር አታውቁም። በበጋ ጀምሩት፤ የክረምት ዝናብ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል።

ከዚያ ለቀሩት ሦስቱ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በሊትር 3 ግራም ገደማ ይሆናል። በአንዴ እንዳትደፉበት! በመጀመሪያው ሳምንት የጨውን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሙሉውን ስጡ። ሁልጊዜም ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጡ፤ ለአፍ ያህል ካጠጣችሁ ጨው ባልዲው ውስጥ ይጠራቀማል።

ሦስት ወር ያህል ተከታተሉ። በየሁለት ሳምንቱ አዲሱን ቀንበጥ በሜትር ለኩ፤ ቅጠል ከመቃጠሉ በፊት እድገት ይቀንሳልና። ቀጥሎ የቆዩት ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ይሆናል፣ ቃጠሎው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም ይረግፋሉ። ንጹህ ውሃ የጠጡትም አብረው ከጠወለጉ ጨውን አትክሰሱ፤ ባልዲው ውሃ አላሳልፍ ብሎ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨው የቻለ ሁሉ ፍሬ ይሰጣል ማለት አይደለም። ወይራ በደንብ ለማበብ ቀዝቃዛ ወቅት ይፈልጋል፤ አዳማ ደግሞ ሞቃት ናት። ለፍሬ ከሆነ ሁለት ሦስት ዛፍ ብቻ ተክላችሁ አበባውን ጠብቁ። ለጥላና ለዚያ ለአዳማ ንፋስ መከለያ ከሆነ ግን ፈተናውን ያለፈውን ዝርያ ዛሬውኑ ትከሉት።