አሮጌ ሃይድሮሊክ ሲኤንሲ ከመግዛትህ በፊት እንዲህ ፈትሸው

ሲኤንሲ በኮምፒውተር ትእዛዝ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ሃይድሮሊክ የሚባለው ደግሞ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀሰው ነው። ዋጋው ረክሶ ብታይ ቶሎ አትጓጓ። የጃፓኑን የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ አምራች ፋኑክን የመሰለ ኩባንያ እንኳ በኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ ሞተሮቹ ስም ካተረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ዲሲ ሰርቮ ሞተር (ቦታውን እየተከታተለ ወደሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር) ዞሯል። ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠዋት ሂድ፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ እያለ። ዓይንህ እያየ ያስነሱት። ዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ግጠምና ጠረጴዛውን ወደ አንድ ነጥብ አምጥተህ ንባቡን ጻፍ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቶ ዘይቱ ሲሞቅ ወደዚያው ነጥብ መልሰህ አወዳድር። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ብረቱም ይለጠጣል፣ ስለዚህ ጠዋት ልክ የነበረው ዕቃ ከሰዓት ልኩን ሊስት ይችላል።

ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ከልክ በላይ ሞቋል። ይሄን በቀላሉ አትለፈው! የዘይቱን ፍሰት በሚቆጣጠረው ሰርቮ ቫልቭ ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ይበቃዋል፤ ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ወይም ቀጥ ማለት ይጀምራል።

ፍሳሽ ስትፈልግ እባክህ እጅህን ቱቦው ላይ አታሳልፍ። በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን ተጠቀም። ማሽኑ ቢጠፋም አኩሙሌተሩ (በግፊት ያለ ዘይት የሚያጠራቅመው ጋን) ግፊት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ግፊቱ ሳይለቀቅ ምንም አትፍታ።

ፓምፑ ደግሞ ሥራ ባይኖርም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ መብራት ይበላል። እኔ ብሆን አካሉና ጠረጴዛው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ጤነኛ ከሆነ ብቻ፣ ሃይድሮሊኩን በኤሌክትሪክ ሰርቮ ለመቀየር የሚወጣውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሼ እገዛዋለሁ።